ፈቃዱ ምን ይጠብቃል? የግንባታ ፈቃድ በልዩ ልዩ ሀገሮችና በሰሜን ወሎ ከተሞች

እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ፣ ከሰባት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ሁለት ታላላቅ የመሬት መንቀጥቀጦች ደረሱ። የመጀመሪያው ሄይቲን፣ ሁለተኛው ቺሊን መታ። የሄይቲው መጠን 7.0፣ የቺሊው ደግሞ 8.8 ነበር። በመለኪያው ላይ የአንድ ሙሉ ቁጥር ልዩነት በሚለቀቀው ጉልበት ላይ የ32 እጥፍ ያህል ልዩነት ስለሚያሳይ፣ የቺሊው መንቀጥቀጥ የለቀቀው ጉልበት ከሄይቲው 500 እጥፍ ያህል ይበልጣል። የሟቾች ቁጥር ግን የተገላቢጦሽ ሆነ፤ በሄይቲ ከ100 ሺህ በላይ ሕዝብ ሲያልቅ በቺሊ የሞቱት 500 ያህል ነበሩ።

የሄይቲው መንቀጥቀጥ ከምድር ገጽ ብዙ ሳይርቅ፣ ያውም በዋና ከተማዋ አቅራቢያ መነሣቱ ለጥፋቱ አንዱ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ልዩነቱን ሁሉ ርቀትና ጥልቀት ብቻ አይገልጹትም። ቺሊ ከዚያ በፊት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የመሬት መንቀጥቀጥን የሚቋቋም ሕንፃ እንዲሠራ የሚያስገድድ ደንብ ነበራት፤ ደንቡም በሥራ ላይ ይውል ነበር። በሄይቲ ግን በመላ ሀገሪቱ የሚሠራበት የሕንፃ ደንብ አልነበረም። የግንባታ ፈቃድ የምንለው ነገር ዋጋው የሚታወቀው እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቀን ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ወልድያ፣ መርሳና የሀብሩ ወረዳ የሚገኙት የኢትዮጵያ ደጋ ወደ አፋር ዝቅተኛ ምድር በሚወርድበት ተዳፋት ሥር ነው። ይህ ተዳፋት የምድር ቅርፊት እየተሳሳበ በመሰንጠቁ የተፈጠረ በመሆኑ የመሬት መንቀጥቀጥ ይጎበኘዋል። በዚሁ ተዳፋት ላይ ዛሬ የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶች በብሎኬትና በአርማታ ፎቆች እየተተኩ ነው። ይህ ጽሑፍ ልዩ ልዩ ሀገሮች የግንባታ ፈቃድን እንዴት እንደሚሰጡ ካነጻጸረ በኋላ፣ ንጽጽሩ ለእነዚህ ከተሞች ምን እንደሚያስተምር ለመመርመር ይሞክራል።

የፈቃድ ሐሳብ ከየት መጣ?

ከ3,700 ዓመት ገደማ በፊት የባቢሎኑ ንጉሥ ሐሙራቢ ባወጣው ሕግ፣ ቤት ሠሪ የሠራው ቤት ተደርምሶ ባለቤቱን ቢገድል ሠሪው በሞት ይቀጣ ነበር። ይህ ሕግ ቤቱ ሲሠራ አይመለከትም፤ የሚናገረው ከወደቀ በኋላ ነው። ለንደን እ.ኤ.አ. በ1666 በእሳት ከጋየች በኋላ በ1667 የወጣው ሕግ ደግሞ ሌላ መንገድ ተከተለ። ቤቶች በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠሩ፣ የግድግዳቸውም ውፍረት እንደ ቤቱ ዓይነት እንዲወሰን አዘዘ፤ ይህንንም የሚከታተሉ ሰዎች ተመደቡ።

የዛሬው የግንባታ ፈቃድ የእነዚህ የሁለቱ ሐሳቦች ቅልቅል ነው። አስቀድሞ መመርመር አለ፤ ኋላም መጠየቅ አለ። ሀገሮች የሚለያዩት ሁለቱን በሚያቀናጁበት መንገድ ነው። ልዩነቱን በግልጽ ለማየት አራት ጥያቄዎችን ማንሣት ይበቃል፤ ምን ይመረመራል? ማን ይመረምራል? መቼ ይመረመራል? ጉድለት ቢገኝስ ማን ይጠየቃል?

ምን ይመረመራል?

በእንግሊዝ አንድ ሰው ቤት ለመሥራት ሲያስብ ሁለት የተለያዩ በሮችን ያንኳኳል። የመጀመሪያው የፕላን ፈቃድ ሲሆን ጥያቄው ሕንፃው ለአካባቢው ይስማማል ወይ የሚል ነው፤ ቁመቱ፣ አገልግሎቱ፣ ከጎረቤት ያለው ርቀት ይታያል። ሁለተኛው የሕንፃ ደንብ ቁጥጥር ሲሆን ሕንፃው ይጸናል ወይ፣ ከእሳትስ ያድናል ወይ ብሎ ይጠይቃል። አንዱን ያለፈ ሌላውን ላያልፍ ይችላል።

ጀርመን ደግሞ ፌዴራላዊ ሀገር በመሆኗ ከ16ቱ ክፍላተ ግዛት እያንዳንዱ የራሱ የሕንፃ ሕግ አለው፤ ሕጎቹ ግን በአንድ የጋራ ሞዴል ላይ ተመሥርተው የተጻፉ ናቸው። በብዙዎቹ ክፍላተ ግዛት ዝርዝር ፕላን በወጣለት ሰፈር የሚሠራ አነስተኛ መኖሪያ ቤት ፕላኑን እስከጠበቀ ድረስ ከመደበኛው ፈቃድ ነጻ ሊሆን ይችላል። ይህ ልቅነት አይደለም፤ ጥናቱ ለሰፈሩ በሙሉ አስቀድሞ ስለተጠናቀቀ ለእያንዳንዱ ቤት እንደገና መጀመር አያስፈልግም ማለት ነው።

በእኛ ሀገር ከሁሉ በፊት የሚመጣው የመሬት ጥያቄ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ፈቃድ ጠያቂው መጀመሪያ የይዞታ ማረጋገጫውን ያቀርባል። ቀጥሎ በቦታው ላይ ምን ዓይነት ሕንፃ እንደሚፈቀድ የሚገልጸው የፕላን ስምምነት ይመጣል። ከዚያ በኋላ ነው የሥነ ሕንፃው፣ የስትራክቸሩ፣ የኤሌክትሪኩና የውኃው ንድፍ ተመርምሮ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው። የባለጉዳዩም የማዘጋጃ ቤቱም ትኩረት ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ደረጃ፣ በካርታውና በወሰኑ ላይ ይቀራል፤ ሰውን የሚያድነው ግን የስትራክቸሩ ንድፍ ነው።

ማን ይመረምራል?

የስትራክቸር ስሌትን መመርመር የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል። ጀርመን ለዚህ የቆየ ልማድ አላት፤ ለተወሳሰቡ ሕንፃዎች ከነዳፊው ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌለው፣ በመንግሥት ዕውቅና የተሰጠው መርማሪ መሐንዲስ ስሌቱን እንደገና ይፈትሻል።

ጃፓን በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት አግኝታለች። ሀገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1981 የመሬት መንቀጥቀጥ ደንቧን በእጅጉ አጠበቀች። በ1995 የኮቤ ከተማና አካባቢዋ ተመትተው ከ6,400 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ክፉኛ የተጎዱት በአብዛኛው ከ1981 በፊት የተሠሩት ሕንፃዎች ሆነው ተገኙ። በ1998 የማዘጋጃ ቤቶችን ጫና ለማቃለል የግል ድርጅቶችም ንድፍ እንዲመረምሩ ተፈቀደ። በ2005 ግን አንድ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ የብዙ አፓርታማዎችንና ሆቴሎችን የስትራክቸር ስሌት አስመስሎ ማዘጋጀቱ ተደረሰበት። የግል መርማሪዎችም የመንግሥት መርማሪዎችም ሐሰቱን ሳያዩ አሳልፈውት ነበር። በ2007 የወጣው ማሻሻያ ለትልልቅ ሕንፃዎች ሁለተኛ ወገን ስሌቱን እንዲፈትሽ ሲያስገድድ፣ በቂ ባለሙያ ባለመዘጋጀቱ ፈቃድ መስጠቱ ተጓተተ፤ አዲስ የሚጀመሩ ቤቶችም ቁጥር በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ። ቁጥጥርን በሕግ ማጥበቅ ቀላል ነው፤ ተቆጣጣሪውን ማሠልጠን ግን ዓመታት ይፈልጋል።

መቼ ይመረመራል?

ውድ አንባቢያን፣ አርማታ የተሠራው እርስ በርስ ከሚረዳዱ ሁለት ነገሮች ነው። ኮንክሪት መጨመቅን በሚገባ ይችላል፤ ሲሳብ ግን ይሰነጠቃል። ፌሮ ደግሞ መሳብን ይችላል። ፌሮዎቹን ከብበው የሚያስሩት ስታፋዎች ኮለኑ በሚናወጥበት ጊዜ ዋናዎቹ ፌሮዎች ወደ ውጭ እንዳይጎብጡና ውስጡ ያለው ኮንክሪት ተፈርፍሮ እንዳይፈስ ይይዛሉ። በተለይ ኮለኑ ከቢም ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስታፋዎቹ ተቀራርበው መታሰር አለባቸው። ይህ ሁሉ ግን የሚታየው ኮንክሪቱ እስኪሞላ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በሚገባ የታሰረውም ያልታሰረውም ኮለን ከውጭ ሲታይ አንድ ነው።

ጃፓን በ2007 ሥራ ላይ ባዋለችው ደንብ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ወለል ላላቸው የጋራ መኖሪያዎች የመካከል ምርመራን በሀገር አቀፍ ደረጃ አስገዳጅ ያደረገችው በዚህ ምክንያት ነው። ምርመራው የሚደረገው ከምድር ቤቱ በላይ ላለው የመጀመሪያ ሶሌታና ለተሸካሚ ቢሞቹ ፌሮ በተዘረጋበት ደረጃ ነው። ይህን ምርመራ ያላለፈ ወደሚቀጥለው ሥራ አይሻገርም።

እንግሊዝም በ2017 የግሬንፌል ፎቅ በእሳት ተቃጥሎ 72 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ሕጓን መርምራለች። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የሕንፃ ደኅንነት ሕግ መሠረት፣ 18 ሜትር ወይም ሰባት ፎቅ የሚደርሱ መኖሪያ ሕንፃዎች ሦስት በሮችን ያልፋሉ፤ አንደኛው በፕላን ደረጃ፣ ሁለተኛው ግንባታ ከመጀመሩ በፊት፣ ሦስተኛው ሰው ከመግባቱ በፊት ነው።

ምርመራው ቢዘለልስ? ቱርክ በ1999 የኢዝሚት መንቀጥቀጥ ከ17 ሺህ በላይ ሰዎችን ከቀጠፈ በኋላ ጥሩ ደንብና የግል የግንባታ ቁጥጥር ሥርዓት አቋቋመች። በ2018 ግን ያለፈቃድ ወይም ከፈቃድ ውጭ የተሠሩ ሕንፃዎች ባለቤቶች ገንዘብ ከፍለው ሕጋዊ ወረቀት እንዲያገኙ የሚያስችል ምሕረት አወጣች፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማመልከቻዎችም ቀረቡ። ወረቀቱ የኮለኑን ጥንካሬ አልለወጠውም። በየካቲት 2023 በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ በደረሱት ሁለት መንቀጥቀጦች በዚያች ሀገር ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች ሞቱ። በጎረቤታችን በኬንያም እ.ኤ.አ. በ2016 በናይሮቢ ሁሩማ ሰፈር ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ያን ሕንፃ ለመጣል የመሬት መንቀጥቀጥ አላስፈለገም፤ ዝናብ በቂ ነበር።

ማን ይጠየቃል?

የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ ሠሪው ለሕንፃው ጽናት ለ10 ዓመት ኃላፊ እንዲሆን ያስገድዳል፤ እ.ኤ.አ. ከ1978 ወዲህም ይህ ኃላፊነት በመድን የተደገፈ ነው። በቺሊም ሕንፃውን አስገንብቶ የሸጠው የመጀመሪያ ባለቤት ለስትራክቸር ጉድለት ለ10 ዓመት ይጠየቃል።

ይህ ሐሳብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3039 የሥራ ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ቀን አንሥቶ ለ10 ዓመት ለሥራው ትክክለኛነትና ለሕንፃው ጽናት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ስለነበሩ መመሳሰሉ አያስገርምም። ሆኖም ይህ ዋስትና የሚሠራው የጽሑፍ ውልና የሚታወቅ ተቋራጭ ሲኖር ነው። ባለቤቱ ራሱ ፌሮና ስሚንቶ ገዝቶ፣ ግንበኛና ፌሮ ሠራተኛ በቀን ሒሳብ ቀጥሮ ለሚያሠራው ቤት አሥር ዓመት የሚጠየቅ ሰው ማግኘት ያዳግታል።

ቀን መቁጠር ብቻውን አይበቃም

ስለ ግንባታ ፈቃድ ሀገሮች ሲወዳደሩ ለብዙ ዓመታት ይጠቀስ የነበረው የዓለም ባንክ ዓመታዊ የንግድ ሥራ አመቺነት ሪፖርት ነበር። ሪፖርቱ 1,300 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ባለ ሁለት ወለል መጋዘን እንደ ናሙና ወስዶ፣ ፈቃዱን ለማግኘት ስንት ደረጃ፣ ስንት ቀንና ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅ ይቆጥር ነበር። በዚህ አቆጣጠር ፈጣኑ ጥሩ፣ ዘገምተኛው መጥፎ ይባላል። በኋላ ግን ጉድለቱ ታውቆ ከ2016 እትም ጀምሮ የግንባታ ጥራት ቁጥጥርን ከ15 ነጥብ የሚመዝን መለኪያ ታከለበት። በመጨረሻም በመረጃ አያያዝ ላይ በተገኘ ግድፈት ምክንያት ሪፖርቱ በ2021 እንዲቋረጥ ተደረገ።

ለእኛ ሌላም ነጥብ አለ። ናሙናው የሚለካው በየሀገሩ በትልቁ የንግድ ከተማ ስለነበር፣ የኢትዮጵያ ውጤት የአዲስ አበባ ውጤት ነበር። የወልድያ ሱቅ፣ የመርሳ መኖሪያ ቤት፣ የሀብሩ ገጠር ቀበሌ በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ አልነበሩም።

የ2001ዱ አዋጅና ምድቦቹ

ኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ን በ2001 ዓ.ም.፣ ማስፈጸሚያ ደንቡን ቁጥር 243ን ደግሞ በ2003 ዓ.ም. አወጣች። አዋጁ ፈቃድ የሚሰጠውን የሕንፃ ሹም፣ በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው የሚያመለክትበትን የይግባኝ ቦርድና የምርመራ ሥርዓትን አቋቋመ። ሕንፃዎችንም በሦስት ምድብ ከፈለ። ምድብ ሀ በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ወለል ሕንፃ ነው። ምድብ ለ ከዚያ የሰፋ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ወለል ያለው ነው። ምድብ ሐ ደግሞ የሕዝብ መገልገያን፣ ፋብሪካንና ከፍታው ከ12 ሜትር የሚበልጠውን ይይዛል። ከሀ ወደ ሐ በተኬደ መጠን የሚጠየቀው ባለሙያ፣ ሰነድና ቁጥጥር እየጠበቀ ይሄዳል። ሕግ በየጊዜው የሚሻሻል ቢሆንም የዚህ አዋጅ አከፋፈል የሚያስነሣው ጥያቄ ሳይንሳዊ ስለሆነ ሊታሰብበት ይገባል።

አዋጁ የሚጸናው ከ10 ሺህ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች፣ ክልሉ በሚመርጣቸው ትናንሽ ከተሞች፣ እንዲሁም ከከተማ ውጭ በሚሠሩ የሕዝብ መገልገያዎችና መሰል ግንባታዎች ላይ እንዲሆን ነበር። ይህን በሀብሩ ወረዳ ላይ አሳርፈን እንመልከተው። የገጠር ቀበሌው ትምህርት ቤት በሕጉ ጥላ ሥር ሲሆን ተማሪው የሚያድርበት ቤት ከሕጉ ውጭ ነው። እንደ ውርጌሳና ግራና ያሉ አነስተኛ ከተሞች ዕጣ ደግሞ በነዋሪዎቻቸው ቁጥርና በክልሉ ምርጫ ይወሰናል። ምድር ስትናወጥ ግን የሕዝብ ቆጠራ አትመለከትም።

ምድሪቱ ምን ትላለች?

ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. በዚሁ ተዳፋት ላይ፣ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ፣ በካራ ቆሬ አካባቢ መጠኑ ከ6 በላይ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ የማጀቴን ከተማ አፍርሷታል፤ ካራ ቆሬም ክፉኛ ተጎድታለች። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. በአፋር የምትገኘው ሰርዶ በተመሳሳይ አደጋ ፈርሳለች። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ ሳያቋርጥ የቆየው መንቀጥቀጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል።

የሀገራችን የሕንፃ ኮድም ስለ አደጋው ያለውን ግምት ለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ኮድ የተመሠረተው በአማካይ በ100 ዓመት አንድ ጊዜ በሚደርስ መንቀጥቀጥ ላይ ሲሆን፣ ለከፍተኛው ቀጠና የተወሰነው የምድር ፍጥንጥነት የምድር ስበት 10 በመቶ ነበር። በ2015 የወጣው ደግሞ በ475 ዓመት አንድ ጊዜ የሚደርሰውን መሠረት አድርጎ ከፍተኛውን ወደ 20 በመቶ አሳድጎታል። በይሆናልነት ስሌት ብንመለከተው፣ የ100 ዓመቱ መንቀጥቀጥ በአንድ ሕንፃ የ50 ዓመት ዕድሜ ውስጥ የመታለፍ ዕድሉ 39 በመቶ ገደማ ሲሆን የ475 ዓመቱ ግን 10 በመቶ ያህል ነው።

ይህ ለአንድ ባለቤት ምን ማለት ነው? ስፋቱ 10 ሜትር በ10 ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሶሌታ እንውሰድ። የአርማታ ጥግግት በሜትር ኩብ 2,500 ኪሎ ግራም ያህል ስለሆነ ሶሌታው 37.5 ቶን ይመዝናል። በኒውተን ሁለተኛ ሕግ ኃይል የግዝፈትና የፍጥንጥነት ብዜት ነው። ሕንፃው ራሱ የሚያጎላውን ትተን በ10 በመቶ ብቻ ብናሰላ፣ ኮለኖቹን ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ከ3.75 ቶን ክብደት ጋር እኩል ነው፤ በ20 በመቶ ደግሞ 7.5 ቶን ይሆናል። ያንኑ ስፋት የሚሸፍነው የጣሪያ ቆርቆሮ ግን ግማሽ ቶን እንኳ አይሞላም። ባለቤቱ ቆርቆሮውን አንሥቶ ሶሌታ በሞላ ቀን ቤቱ የሚሸከመው አደጋ በዓይነቱ ይለወጣል።

በዋናው ጎዳና ላይ የሚሠሩት ሕንፃዎች ቅርጽም ትኩረት ይሻል። ወልድያ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደው አውራ ጎዳናና በደብረ ታቦር በኩል ከጎንደርና ከባሕር ዳር የሚመጣው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 46 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት። በእንዲህ ያለ የመንገድ ከተማ ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ፎቁ መኖሪያ መሆኑ የተለመደ ነው። የሱቁ ፊት በር እንጂ ግድግዳ የለውም፤ ፎቁ ግን በብሎኬት ግድግዳ ተከፋፍሎ ይደድራል። በመናወጥ ጊዜ መተጣጠፉ ሁሉ በታችኛው ወለል ኮለኖች ላይ ይከማቻል።

አፈሩም ሌላ ጉዳይ ነው። የቆቦና የግራና ሸለቆ ጎርፍ ከተራራው ባወረደው ደለል የተሞላ ሜዳ ነው። ልል ደለል ከዐለት ይልቅ መናወጥን ያጎላል፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ሲቲ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በተነሣ መንቀጥቀጥ የወደመችው በጥንት ሐይቅ ደለል ላይ በመሠራቷ ነበር። የ2001ዱ አዋጅ ምድቦች ግን ወለልንና ስፋትን እንጂ ከሥር ያለውን አፈር አይቆጥሩም ነበር። ስለዚህ በዐለት ላይ የቆመም በደለል ላይ የቆመም ባለ አንድ ፎቅ ቤት እኩል ምድብ ለ ይሆናል።

ከንጽጽሩ ምን እንውሰድ?

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ባዳረሰ ጊዜ ብዙ ቤትና ተቋም ተጎድቷል። መልሶ የሚገነባ ሰው መቸኮሉ አይፈረድበትም፤ ፈቃድ ሲጓተትበትም ያለፈቃድ ለመሥራት ይገፋፋል። ስለሆነም ወረቀቱን ማብዛት መፍትሔ አይሆንም። ጃፓን በ2007 ያየችው መጓተት ጥቂት መሐንዲሶች ላሉት የወረዳ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ይበልጥ ይከብዳል።

ከላይ ካየናቸው ሀገሮች አቅማችን የሚፈቅደውን መምረጥ ግን ይቻላል። ከጀርመን፣ ለተለመዱት የሱቅና የመኖሪያ ቤቶች የአካባቢው አፈርና የመሬት መንቀጥቀጥ ቀጠና የታሰበበት የስትራክቸር ንድፍ አንድ ጊዜ በሚገባ አዘጋጅቶ ማደል፣ ንድፉን ለተከተለ ሰው ፈቃዱን ማፍጠን። ከጃፓን ደግሞ፣ መሐንዲሱ አሥር ጊዜ መምጣት ባይችል እንኳ አንድ ጊዜ፣ የመጀመሪያው ሶሌታ ፌሮ ተዘርግቶ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት፣ እንዲመጣ ማድረግ። በዚያች ሰዓት የስታፋውን ርቀት በሜትር ለመለካት፣ የፌሮውን ውፍረትና ቁጥር ከንድፉ ጋር ለማመሳከር የሚያስፈልገው ጊዜ ከግማሽ ቀን አይበልጥም።

ለዚህ ሥራ የሚሆን የሰው ኃይል ደግሞ በቅርብ አለ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ ያስተምራል፤ የምህንድስና ተማሪዎች የተግባር ልምምዳቸውን ከማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ጎን ሆነው ቢያደርጉ ተማሪውም ከተማውም ይጠቀማል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ቢሆን በሰፈሩ ሶሌታ ሊሞላ ሲል ጎራ ብሎ ኮለኑና ቢሙ የሚገናኙበትን ቦታ ይመልከት፤ ስታፋዎቹ ተቀራርበዋል ወይስ ተራርቀዋል? ጥያቄውን ለፌሮ ሠራተኛው በአክብሮት ያቅርብለት። ስሚንቶው ከፈሰሰ በኋላ ይህን ጥያቄ መመለስ የሚችል ሰው አይኖርም።